የቴሌግራም ሻጭ ነጋዴ የሚሆነው በየትኛው ቀን ነው?



ዛሬ ማታ ስልካችሁን ከፍታችሁ ዕቃ ከሚሸጥባቸው የቴሌግራም ቻናሎች አንዱን ብትመለከቱ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። አንዱ «ከአገር ስለምወጣ በአስቸኳይ የሚሸጥ» ይላል፤ ከሥሩ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ የልጅ አልጋና ዓመታት ያገለገለ ቴሌቪዥን ተደርድሯል። ሌላው «አዲስ ገብቷል፣ ሳይዝ ከ37 እስከ 41፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። የመጀመሪያው ጓዙን የሚያቃልል ሰው ነው፤ ሁለተኛው በር የሌለው ሱቅ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ሕግ መማር አያስፈልግም። የሚያስቸግረው በመካከላቸው ያለው ነው።

በመካከል ያለችውን እንዲህ አድርገን እናስባት። ደመወዝተኛ ናት፤ ባንክ ቤት ትሠራለች እንበል። ልጇ ያደገበትን ጋሪ ፎቶ አንሥታ ለጠፈችው፤ ወዲያው ተሸጠ። ቀጥላ የጠበባትን ጫማ ሸጠች። ይህን ያየች እህቷ «የእኔንም ሽጪልኝ» አለቻትና የእሷንም ሸጠችላት። አንድ ቅዳሜ መርካቶ ወርዳ ለራሷ ቦርሳ ስትገዛ ዋጋው ስለተመቻት ሁለት ጨምራ ገዛች፤ ሁለቱን በቴሌግራም ሸጠቻቸው። ዛሬ ቻናል አላት፣ ቻናሉ ስም አለው፣ ደንበኞቿም «ያ ቡናማው መቼ ነው የሚገባው?» እያሉ ይጽፉላታል። ጥያቄዬ ይህች ሴት ነጋዴ የሆነችው በየትኛው ቀን ነው የሚል ነው።

ለሰው ስታቀርቡት ብዙ ጊዜ ሦስት መልስ ይመጣል፤ «ንግድ ፈቃድ ስታወጣ»፣ «ሱቅ ስትከፍት»፣ «ብዙ መሸጥ ስትጀምር»። ሦስቱም አያስኬዱም። ፈቃድ የሚጠየቀው ነጋዴ ስለሆኑ ነው፤ ፈቃድ ያላወጣ ሰው ነጋዴ ባይሆን ኖሮ «ያለ ፈቃድ ነግደሃል» ተብሎ የሚከሰስ ሰው ከየት ይመጣ ነበር? የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ግን እንዲህ ያለውን ሰው በገንዘብም በእስራትም ይቀጣል። ሱቅንም ተዉት፤ ጀብሎውም የጉሊት ሻጯም ሱቅ የላቸውም፣ ግን ሲነግዱ ነው የሚውሉት። ስለ ብዛት ኋላ እመለስበታለሁ፤ እሱ ጥሩ ታሪክ አለው።

«ነጋዴ ተባለች አልተባለች፣ ምን ይለወጣል?» የሚል ካለ፣ ፈቃዱና ግብሩ እንዳለ ሆኖ፣ ሰው የሚረሳው ሦስተኛ ነገር አለ፤ ገዢው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስቀየር ወይም ገንዘቡን የማስመለስ መብት ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ግን ከማዶ ያለው ሻጭ ነጋዴ ከሆነ ነው። ካልሆነ አዋጁ ዝም ይላል፤ የሚቀረው ፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። እሱም ቢሆን ባዶ እጅ አይሰድም፤ በአንቀጽ 2287 ማንኛውም ሻጭ፣ ነጋዴ ሆነም አልሆነ፣ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው። ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ቶሎ የመመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይውል ሳያድር ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ሻጩ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው። ለ2,000 ብር ጫማ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው እኔ አላየሁም።

ወደ ሕጉ እንግባ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ነጋዴ ማን እንደሆነ በአንቀጽ 5 ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ማዕድን አውጪው፣ አጓጓዡ፣ ባለ ሆቴሉ፣ ደላላው ሳይቀር አለበት። ከሁሉ ቀድሞ የተቀመጠው ግን ለዛሬው ጉዳያችን የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ መልሶ ለመሸጥ አስቦ ዕቃ የሚገዛ፣ እንዳለ ቢሸጠውም መልኩን ለውጦ ቢሸጠውም። ከዝርዝሩ በላይ ሁለት ሁኔታዎች ተቀምጠዋል፤ ሥራውን ሙያዬ ብሎ መያዝ፣ ጥቅም ለማግኘትም መሥራት። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ሲተካውም ይህ መሠረት አልተነቀለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁላችንም ዓይናችን ሽያጩ ላይ ነው፤ ስንት ሸጠች፣ በስንት ሸጠች፣ የት ሸጠች። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ዕቃው ሲገዛ ምን ታስቦ ነበር ብሎ ነው። ጋሪው የተገዛው ልጅ ሊገፋበት፣ ጫማው ሊደረግ ነው። የእህቷም ጫማ እንደዚያው፤ እሷ ያደረገችው ትብብር ነው። የሁለቱ ቦርሳዎች ነገር ግን የተለየ ነው። እነሱ ከመርካቶ ሲነሡ ጀምሮ የሌላ ሰው ቦርሳዎች ነበሩ፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ብቻ ነው ያልታወቀው። የሴትየዋ ታሪክ የተገለበጠው እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

ተገለበጠ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። አንድ ቅዳሜ ሁለት ቦርሳ አትርፎ መሸጥ ሙያ አይባልም። ሙያ የሚሆነው ስትመለስበት ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ መርካቶ የምትወርደው ለራሷ ቦርሳ ፍለጋ ሳይሆን ደንበኞቿ የጠየቋትን ቡናማ ፍለጋ ሲሆን። በንግድ ሕጉ መለኪያ ቀኑ ያ ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያውን ሳይሆን ሁለተኛውን የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ ሌላው የሕግ ባለሙያ አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ሊል ይችላል። ጋሪው የተሸጠበት ቀን ነው የሚል ካጋጠማችሁ ግን አትስሙት።

እዚህ ላይ ግብር ሰብሳቢው ገብቶ ነገሩን ያወሳስበዋል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የንግድ ሥራን ሲተረጉም ለትርፍ የሚሠራ ሥራ እስከሆነ ድረስ በተከታታይ ቢሠራም ለአጭር ጊዜ ቢሠራም ንግድ ነው ይላል። ሙያዬ ማለትን አይጠብቅም። ስለዚህ አንድ ሰው በንግድ ሕጉ ዓይን ገና ነጋዴ ሳይሆን በግብር ሕጉ ዓይን የንግድ ገቢ ያገኘ ሊሆን ይችላል። ይህ ተቃርኖ ይመስላል፤ ግን ሁለቱ ሕጎች የሚፈልጉት ነገር ይለያያል። የንግድ ሕጉ ማን መመዝገብና መዝገብ መያዝ አለበት ብሎ ይጨነቃል፤ የግብር ሕጉ የሚጨነቀው ለገንዘቡ ነው።

አንድ ሽያጭ ብቻውን ንግድ ሊሆን ይችላል ወይ ለሚል ጥያቄ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የመጣው ከብሪታንያ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ሩትሌጅ የሚባል ገንዘብ አበዳሪ ለሲኒማ ሥራ በርሊን ሄደ። ጀርመን በጦርነቱ ማግስት ተጎሳቁላ ነበርና ከአንድ የከሰረ ድርጅት 1,000,000 ጥቅል የመጸዳጃ ቤት ወረቀት በ1,000 ፓውንድ ገዛ። አዎ፣ አንድ ሚሊዮን። ወደ ለንደን ተመልሶ ብዙ ሳይቆይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለአንድ ገዢ ሸጠው፤ ከ10,000 ፓውንድ በላይ አተረፈ። ግብር ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ዛሬ በየቻናሉ ከምንሰማው የተለየ አልነበረም፤ እኔ ወረቀት ነጋዴ አይደለሁም፣ አንድ ጊዜ ገዝቼ አንድ ጊዜ ሸጥሁ፣ ከዚያ ወዲህም አልነካሁትም። በ1929 የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። አንድ ሚሊዮን ጥቅል ለቤቱ ፍጆታ የሚገዛ ሰው የለም፤ ዕቃው ሲገዛ ከመሸጥ ሌላ ሊታሰብበት የሚችል ዓላማ አልነበረውም።

አሁን ወደ ብዛት ልመለስ። በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. አንድ ቡልጋሪያዊ ገዢ ኦኤልኤክስ ከሚባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ያገለገለ የእጅ ሰዓት ገዛ። ሰዓቱ እጁ ሲገባ ማስታወቂያው ላይ እንደተባለው ሆኖ አላገኘውም። መልሺልኝ አለ፤ ሻጯ እምቢ አለች። ገዢው ለአገሪቱ የሸማቾች ጥበቃ ኮሚሽን አመለከተ። ኮሚሽኑ ሲመረምር ሴትየዋ በዚያው ስም ስምንት ማስታወቂያዎች ለጥፋ አገኛት፤ አዲስም ያገለገለም ዕቃ፣ እርስ በርሱ የማይገናኝ። ስምንት የሚሸጥማ ነጋዴ ነው ብሎ፣ ነጋዴ ለገዢ መስጠት ያለበትን መረጃ ስላልሰጠች ቀጣት። እሷም ተከራከረች፤ ጉዳዩ ከቫርና ፍርድ ቤቶች ተነሥቶ ሉክሰምበርግ እስካለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ።

ፍርድ ቤቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ ብዙ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ መለጠፍ ብቻውን ሰውን ነጋዴ አያደርግም አለ። ከዚያ መታየት ያለባቸውን ነገሮች ዘረዘረ። ሽያጩ የተደራጀ ነው ወይ? ትርፍ ታስቦበታል ወይ? ሻጩ ስለ ዕቃው ገዢው የሌለው እውቀት አለው ወይ? ዕቃው መልሶ ለመሸጥ የተገዛ ነው ወይ፣ ነገሩስ ይደጋገማል ወይ? የሚሸጠው አንድ ዓይነት ወይም ተቀራራቢ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው ወይስ የተደበላለቀ? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ወሳኝ አይደለም፤ ዳኛው እያንዳንዱን ጉዳይ በራሱ ይመዝነዋል።

እኔ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ጎልቶ የሚታየኝ የመጨረሻው ነው። ስምንት የተለያየ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ቤቱን እያጸዳ ሊሆን ይችላል። ስምንት አንድ ዓይነት ጫማ፣ ከ37 እስከ 41 የሚሸጥ ሰው ግን ስምንት እግር የለውም።

አሁን ከአውሮፓውያኑ ጋር የምንለያይበት ቦታ ላይ ደረስን። እነሱ የሚመኩበት አንድ ምልክት አለ፤ ትርፍ። ያገለገለ ዕቃ በወጉ ከተገዛበት በታች ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ ደጋግሞ የሚያተርፍ ሰው ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይነሣሉ። ይህ ምልክት እኛ ዘንድ ያሳስታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ላፕቶፕ ገዝቶ ሲሠራበት የቆየ ሰው፣ ቁልፎቹ ደብዝዘው፣ ባትሪውም ደክሞ፣ ከገዛበት አስበልጦ ሊሸጠው ቻለ። በብር አትርፏል። በተሸጠው ብር ግን ያንኑ ላፕቶፕ አዲሱን መግዛት አይችልም። መኪና የሸጠ ሰው ይህን ሒሳብ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ይህን ሰው «አትርፈሃልና ነጋዴ ነህ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በአገራችን የግዢው ዓላማ ከሌላው ዓለም ይልቅ ይበልጥ መመርመር አለበት የምለው ለዚህ ነው፤ ዋጋው ራሱ ምንም አይነግረንም።

ከዚሁ የሚወለድ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። «ብሩ ባንክ ተቀምጦ ከሚረክስ ዕቃ ላይ ይዋል» ብሎ ሦስት ፍሪጅ ገዝቶ ከነካርቶኑ ሳሎን ያቆመ ሰውስ? የገዛው ሊጠቀምበት አይደለም፤ ውሎ አድሮ ሊሸጠው ነው። ጥብቅ የግብር ሠራተኛ ቢያገኘው ዓላማው ግልጽ ነው ይለዋል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ያደረገውን ሰው ትርፍ ፈላጊ ልለው አልችልም፤ ያለውን ላለማጣት የሚሮጥ ሰው ነው። ሦስቱን ሸጦ ስድስት የገዛ ዕለት ግን እኔም ከግብር ሠራተኛው ጎን እቆማለሁ።

ዓላማ በልብ ውስጥ ነው፤ ዳኛስ በምን ያየዋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ዕቃው ይናገራል። ካርቶኑ አልተከፈተም። ያው ጫማ በየሳይዙ አለ። «ድጋሚ ገብቷል» የሚል ጽሑፍ ወር በገባ ቁጥር ይለጠፋል። ዴሊቨሪ የሚያደርስ ባለ ሞተር አለ፣ የቴሌብር ቁጥሩ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አለ። የቦሌ ጉምሩክ ሠራተኛ ይህን ማንበብ ከቴሌግራም በፊት ነው የለመደው፤ ሻንጣ ከፍቶ አንድ ዓይነት ሽቶ ደርዘን ሲያይ «ለግል መገልገያ ነው» የሚለውን መልስ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፣ ዕቃውን ግን አያሳልፈውም። ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሆነው ደግሞ የትዕዛዝ ሽያጭ ነው። ቀብድ ተቀብሎ፣ ከቱርክ ወይም ከቻይና አዝዞ፣ ዕቃው ሲገባ ቀሪውን የሚቀበል ሰው «እኔ አላላኪ ነኝ» ቢልም አያድነውም። ገዢው ከተገኘ በኋላ የተገዛ ዕቃ፣ ለመሸጥ የተገዛ ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያሻውም። በመሃል ሆኖ ኮሚሽን ብቻ የሚወስድም ከሆነ ደላላና ኮሚሽን ወኪል በዚያው በአንቀጽ 5 ዝርዝር ውስጥ አሉ።

ውጭ አገር ወንድም እህት ላላችሁ ጥቂት ልበል። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በኢንተርኔት የሚሸጥ ሁሉ አዲስ ግብር ሊጣልበት ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። እውነቱ፣ በዓመት 30 ዕቃና ከዚያ በላይ የሸጠ ወይም ከ2,000 ዩሮ በላይ ያገኘ ሻጭ መረጃው በመሸጫ ድረ ገጹ በኩል ለግብር መሥሪያ ቤቱ እንዲደርስ መደረጉ ነው። ግብሩ አልተለወጠም፤ እዚያ ከ2017 ጀምሮ በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ የሚደርስ የትርፍ ሰዓት ንግድ ገቢ ከግብር ነፃ ነው። አሜሪካም ተመሳሳይ ግርግር ነበር። በ2021 የወጣ ሕግ የሪፖርቱን መነሻ ወደ 600 ዶላር አውርዶት፣ ሥራ ላይ ሳይውል ዓመት በዓመት ሲራዘም ቆይቶ፣ በሐምሌ 2025 ከ20,000 ዶላርና ከ200 ሽያጭ በላይ ወደሚለው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሪፖርት የተደረገበት ሁሉ ነጋዴ አይደለም፤ ያልተደረገበትም ሁሉ ከነጋዴነት አላመለጠም።

እስካሁን የተናገርሁት ነጋዴ መሆኑን ስለማያውቅ ሻጭ ነው። የሚያናድደኝ ግን ሌላው ነው፤ አውቆ የሚደበቀው። መግቢያዬ ላይ ያነሣሁት «ከአገር ስለምወጣ» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አንዳንዱ ግን በዓመት አራት ጊዜ ከአገር ይወጣል። ሶፋው ተሸጦ በወሩ ሌላ ሶፋ በዚያው ሳሎን፣ በዚያው መጋረጃ ፊት ተነሥቶ፣ በዚያው ስልክ ቁጥር ይለጠፋል። ይህ ሰው የሚሸጠው ከሶፋው በላይ ታሪኩን ነው፤ ገዢው «የተቸገረ ሰው ነው፣ በርካሽ ሸጦልኛል» ብሎ እንዲያምን፣ ዋስትናም ደረሰኝም እንዳይጠይቅ። የአውሮፓ ኅብረት ነጋዴ ራሱን እንደ ተራ ሸማች አስመስሎ ማቅረቡን በማንኛውም ሁኔታ ከተከለከሉ ድርጊቶች ተራ አስገብቶታል። ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የኢንተርኔት ገበያዎች ሻጩ ነጋዴ መሆን አለመሆኑን ራሱን ጠይቀው ለገዢው የመንገር ግዴታ አለባቸው። ቴሌግራም ላይ ይህን የሚጠይቅልን የለም። ስለዚህ ራሳችሁ ጠይቁ፤ መቼ ገዙት? ደረሰኙ አለ? ከገዙት በኋላ የት ነበር? ሲገለገልበት የኖረ ሰው መልሱን ሳያስብ ይናገራል። ስልክ ቁጥሩንም በቻናሉ መፈለጊያ ላይ አስገቡት፤ ባለ ሦስት ሶፋው ቶሎ ይወጣል።

ለትንሿ ሻጭ ግን ልከራከርላት እወዳለሁ። ሕጋችን ከምንም ወደ ሁሉም ይዘልላል። በአንድ ቅዳሜ ተራ ሰው ነሽ፤ በሚቀጥለው ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ፈቃድ፣ በየዓመቱ ዕድሳት ይጠበቅብሻል፤ ሳታወጪ ብትገኚ ደግሞ እስራት ያለበት ቅጣት። በመካከል መረገጫ የለም። ደመወዟ ለወር የማይበቃት ሴት በዚህ ዝላይ ፊት የምታደርገው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ትደበቃለች። ተደብቃ ስትሸጥ መንግሥት ግብሩን፣ ገዢዋ መብቱን ያጣል፤ እሷም የተበላባትን ገንዘብ ይዛ የምትከስበት አንደበት አይኖራትም። እንግሊዞች 1,000 ፓውንዱን ነፃ ያደረጉት በደግነት አይመስለኝም፤ ትንሹን ገቢ ከማሳደድ መተው ርካሽ ስለሆነ ነው። እኛም ለእንዲህ ዓይነቱ ንግድ በስልክ የሚያልቅ ቀላል ምዝገባና ከዚያ በታች ማንም የማይጠየቅበት ወለል ቢኖረን የሚደበቀው ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፍ በአንድ ነገር ልጨርስ፤ እስካሁን ያቀረብሁትን መለኪያ የሚፈትን ነገር ነውና። ዱባይ ወይም ቤይሩት የምትሠራ እህት አለች። ገንዘብ በመላክ ፋንታ ሻንጣ ትልካለች፤ ሽቶ፣ ሎሽን፣ የሕፃን ልብስ። «ሸጠሽ ልጆቹን አብዪበት» ትላለች። አዲስ አበባ ያለችው ምንም አልገዛችም። ንግድ የሚታየው በግዢው ነው ካልን እሷ የት ላይ ትወድቃለች? እኔ የመጀመሪያውን ሻንጣ ስጦታ እለዋለሁ፤ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠይቃትም ነበር፣ በሽቶ መልክ መጥቶ ስለተመነዘረ የሚለወጥ ነገር የለም። ሁለተኛውንም ምናልባት። ነገር ግን አንድ ቀን ስልኳን አንሥታ «ሎሽኑ አይሄድም፣ ያ ወርቃማው ሽቶ ግን ተፈልጓል፣ በሚመጣው ሰው አሥር ጨምረሽ ላኪ» ያለቻት እንደሆነ፣ ግዢው በእሷ ትዕዛዝ የተፈጸመ ነው፤ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ መጠየቅ አያስፈልገኝም። የላከችውስ ነጋዴ ናት ወይ? የሸሪክነት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ትርፉን ከተካፈሉት አዎ፣ ሁሉም ለልጆቹ ከዋለ አይደለም የሚል ይመስለኛል። እዚህ ላይ የማይስማማ ካለ እጁን ያውጣ።